ከፍልሰታ በፊት ያለው ወር

የአዲስ አበባ ምእመን የሴቶች ገዳምን የሚያውቀው በሁለት ወቅት ነው፤ በፍልሰታና በሰሙነ ሕማማት። በፍልሰታ ፍራሽና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ሱባኤ ይገባል፤ በሕማማት ለስግደት ይመጣል። ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኖ፣ ቅዳሴው ደምቆ፣ ጸበሉ ዘንድ ሰው ተሰልፎ ያየዋል። ለብዙዎቻችን ገዳም ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ስለ ገዳም ሕይወት የሚጠይቀኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማወራው ስለ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ማንም አይሄድም። የቻለው ለሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ወደ ቁልቢ ይነጉዳል፤ የቀረው ዝናቡን ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። እናቶች ግን ያን ወር በሙሉ እዚያው ናቸው።

የእናቴ ታላቅ እህት ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታን ቁልቁል በሚያይ አንድ አነስተኛ የሴቶች ገዳም ይኖራሉ። የገዳሙን ስም አልጽፍም፤ እነሱም እንዲጻፍ አይወዱም። አክስቴ የመነኮሱት ባለቤታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። በገዳሙ እንደ እሳቸው ትዳር አይተው፣ ልጅ አሳድገው የመጡ አሉ፤ በልጅነታቸው ገብተው ሌላ ኑሮ ሳያውቁ ያረጁም አሉ። አክስቴ ቆብ በተቀበሉበት ዕለት እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ተደግሞላቸው አዲስ ስም ወጣላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ማንም በድሮ ስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። እናቴ እንኳ አብራቸው ያደገች እህታቸው ስትሆን «አንቺ» ማለቷን ትታ «እማሆይ፣ አንቱ» ትላቸዋለች።

ሐምሌ በዚያ ከፍታ ሌላ ወር ነው። ከተማ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ታክሲ ይጠፋል፣ መንገድ በጎርፍ ይዘጋል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያባራል። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ተረተር ላይ ግን ጉሙ አንዴ ከገባ ቀኑን ሙሉ ከግቢው አይወጣም። የታጠበ ቀሚስ ሳምንት ቢሰቀል አይደርቅም። ባሕር ዛፉ ርሶ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ የማዕድ ቤት ተረኛዋ እናት ዓይናቸው ቀልቶ ይውላል። በረዶ የጣለ እንደሆነ ቆርቆሮው የሰው ድምፅ አያሰማም። ዳዊት እየተደገመ ከሆነ አንባቢዋ ማንበባቸውን አያቋርጡም፤ ሌሎቹም በየልባቸው ይከተላሉ። አንዱ መዝሙር ሲያልቅ አንባቢዋ በመቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋሉ፤ ቀጣዩ መጀመሩ በዚያ ይታወቃል። የሰባቱ ጊዜ ጸሎት፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት፣ በሐምሌም ያው ሰባት ነው። የሌሊቱን ጸሎት ለማድረስ ከየቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ጭቃውን በእጅ ባትሪ እየመረጡ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊቶች አሉ፤ እነሱን በግራና በቀኝ ይዘው የሚያደርሱ ወጣቶች ተራ አላቸው።

የምግቡ ነገር ደግሞ አለ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ከዚያ እስከ ነሐሴ 1 ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር ጾም የለም። ሥጋ በገዳሙ ድሮውንም አይገባም፤ ቢሆንም ለበሽተኞችና ለአሮጊቶች ወተት የሚፈቀድበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጎተራው ወለሉ ይታያል። ያለፈው ዓመት ገብስ አልቋል፤ ሰኔ ላይ የተዘራው ገና ሣር ነው፤ ባቄላው አበባ እንኳ አልያዘም። ከመሬት የሚገኘው ጎመንና ድንች ብቻ ነው። በገበያ ደግሞ እህል የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ፍስኩ ይመጣል፤ የሚፈሰክበት ግን አይኖርም። በኅዳር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ሲገባ፣ ጎተራው ሲሞላ፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይጀመርና እስከ ገና ይዘልቃል።

አንድ ጊዜ ይህን አንሥቼ እማሆይን ጠየቅኋቸው። «እህል ሲጠፋ ፍስክ፣ እህል ሲገባ ጾም፤ ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«የሚያዘን እህሉ ቢሆንማ ኖሮ እዚህ ምን አመጣን ልጄ?» አሉኝ። «ቤታችን ቁጭ ብለን ያለውን እንበላ ነበር።»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እኛ ከተማ የምንኖረው ሰዎች ወቅት የሚባለውን ነገር ከሞላ ጎደል አጥፍተነዋል። ቲማቲሙ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ነው፤ መብራቱ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤ የምንበላው ደሞዝ ስላለ ነው፤ የማንበላው ስለሌለ ነው። በገዳሙ ግን ምድሪቱ አንድ አቆጣጠር አላት፣ ቤተ ክርስቲያንም ሌላ አላት፤ አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ይጋጫሉ። እናቶች ሁለቱንም ይኖሯቸዋል። በሚጋጩበት ቦታ ላይ ሲቆሙ ማየት ለእኔ ከየትኛውም ስብከት ይበልጥብኛል።

ነሐሴ 1 ሲብት ግቢው በአንድ ቀን ይለወጣል። ከሽሮ ሜዳ፣ ከጉለሌ፣ ከየካ፣ ከዚያም ራቅ ካለ ሰፈር ሰዎች ይመጣሉ። ውዳሴ ማርያምና ቅዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ይገባል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳይቀምሱ ውለው ይቆርባሉ። ደስ የሚል ጊዜ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋልና አላበዛበትም። የማይታወቀው እናቶች ለሱባኤተኛው ቤታቸውን ለቀው ራሳቸው በማዕድ ቤትና በእንጨት ቤት የሚያድሩ መሆናቸው ነው። ጠይቆ የሚያረጋግጥ ስለማይኖር፣ ብዙው ሱባኤተኛ የተኛበት ቤት የእንግዳ ቤት ይመስለዋል። ስጦታውም እንዲሁ ነው። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጥላ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አይጠላም። ነገር ግን ጧፉ እስከ ጥምቀት የሚበቃ ሆኖ ሳለ፣ ጨው፣ ዘይት፣ የደረቀ እንጨት፣ ለጣሪያ የሚሆን ላስቲክ ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነሐሴ 16 ምሽት ሰው ሁሉ ይወርዳል። በማግሥቱ እናቶች በየጥጉ የተጣለውን የውኃ ፕላስቲክ ይለቅማሉ፣ ብርድ ልብስ ያጥባሉ፣ ፀሐይ ይጠብቃሉ።

በድጓው፣ በቤተ ክርስቲያኗ የዜማ መጽሐፍ፣ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው የክረምቱ ክፍል ዕጕለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች፣ ይባላል። «ለሚጠሩት ለቁራዎች ጫጩቶች ምግባቸውን ይሰጣል» ከሚለው መዝሙር የተነሣ ነው። የዚያው ሰሞን ሌላው ስሙ ዓይነ ኵሉ ነው፤ የሁሉ ዓይን እግዚአብሔርን ተስፋ ያደርጋልና። ይህን ሥርዓት ያቆሙት አባቶች የደጋውን ሰው ጎተራ የሚያውቁ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። በዓመቱ ውስጥ እህል ፈጽሞ በሚጠፋበት ሰሞን ላይ የተራበ ጫጩት ዝማሬ ማስቀመጥ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም።

ከዚያ መስከረም ነው። ስለ እንቁጣጣሽና ስለ መስቀል አላወራም፤ እነሱ የአገሩ ሁሉ ናቸው። ገዳሙ የራሱ የሚሆነው ከመስከረም 26 በኋላ፣ በወርኃ ጽጌ ነው። እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችው ስደት ይታሰባል። ጾሙ ከሰባቱ አጽዋማት አይደለም፤ በፈቃድ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አገር፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ ፈቅዶ የሚጾም ሰው ጥቂት ነው፤ እናቶች ግን አንዳቸውም አይቀሩም። እሑድ ሊነጋ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ከአጎራባች አጥቢያ መሪጌታና ደባትር ይመጣሉ፤ ወጣቶቹ መነኮሳይያት ዜማውን አጥንተዋልና ይቀበላሉ። የእመቤታችንን የስደት ኀዘን የሚያነሣው ሰቆቃወ ድንግል ሲደርስ ዜማው ይለወጣል፤ አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ልጅ ወልደው የቀበሩ እናቶች በመካከላቸው አሉ፤ ስደትንም ራብንም በዓይናቸው ያዩ አሉ። ማንም ምክንያቱን አይጠይቃቸውም።

ጠዋት ሲወጡ ግቢው አበባ ነው። አደይ አበባው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጠወልጋል፤ ያን ጊዜ ግን የባቄላው ተራ ነው። የባቄላ አበባ ቀርበው ካላዩት ከሩቅ ምንም አይመስልም። ነጭ ነው፣ በጎንና በጎኑ እንደ ዓይን ያለ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ጠል ሲያርፍበት ሽታው ማሳውን አልፎ እስከ በሩ ይመጣል። እማሆይ ከማኅሌት ወጥተው ከመተኛታቸው በፊት በማሳው ዳር ይዞራሉ። አንድ ጥቅምት አብሬያቸው ስዞር ተረተሩ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር መሆኑን ነገርኋቸው። ወደ ከተማው የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በእነሱ በኩል ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ቆም ብለው አሰቡበት።

«እንግዲያ የጣሪያችን ውኃ እመቤታችን የተሰደደችበት አገር ይደርሳል በይኛ» አሉ።

«አዎ፣ ይደርሳል።»

«ለእሷስ ማን አጠጣት ያኔ!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በጽጌ ወራት በሩን የሚያንኳኳ መንገደኛ ሳይበላ እንዳይሄድ የሚል ደንብ አላቸው። በሌላውም ጊዜ አይከለክሉም፤ በጽጌ ግን ወጥተው ይጠራሉ። በገዳሙ በር በኩል የሚያልፉት አብዛኞቹ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከራሳቸው ቁመት በሚበልጥ ሸክም አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሁላችንም አይተናል። ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ እንዳትፈታ ነበር፤ እነሆ እስከ ዛሬ በሴት ጀርባ ይጋዛል። እናቶች ከበሩ አጠገብ ሸክም ማሳረፊያ የድንጋይ መደብ ሠርተዋል። ከፍታው ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ሴትዮዋ ሳትጎነበስ ጀርባዋን አስጠግታ ሸክሙን ታስቀምጣለች፣ ስትሄድም የሚያሸክማት ሰው ሳትፈልግ ተነሥታ ትሄዳለች። ውኃና አንድ እፍኝ ቆሎ ይሰጧታል። የገዳሙ ታላቅ ሥራ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ያንን መደብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥዬ እጠራዋለሁ።

ኅዳር ፀሐይዋ ትደምቃለች፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል ማለዳ ከተረተሩ ላይ ሆኖ ወደ ከተማው ያየ ሰው፣ ከየሰፈሩ የሚነሣውን ጭስ ያያል። ከተማዋ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሕዝብ እያሰበች ቆሻሻዋን ታቃጥላለች፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። እናቶች በዚያ ቀን ለሙታን ሁሉ ይጸልያሉ። ከዚያ አጨዳ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ገዳማት እንደ ቀድሞው ርስት የላቸውም፤ እነዚህም ያላቸው ትንሽ ማሳ ነው፤ ጎረቤት ገበሬ በእኩል ያርስላቸዋል። ውቂያው ላይ እሱና ልጆቹ በኦሮምኛ በሬ እየነዱ፣ እናቶቹ በግዕዝ ዳዊታቸውን በቃል እየደገሙ፣ በአማርኛ ሥራ ይከፋፈላሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ገብሱ ይዘራል፤ እብቁ ወደ ሱሉልታ ይበናል፤ ምርቱ በእንቅብ ተሰፍሮ ለሁለት ይከፈላል። ክፍፍሉ ላይ ክርክር ሲነሣ አላየሁም። አንድ እንቅብ ሲተርፍ ለገበሬው ነው፤ ልጆች አሉታ።

ኅዳር 17 ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ያስባሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት በገቡ ጊዜ፣ የጦር መሪ የነበረ ባሏን ትታ የመነነች፣ በጣና ዙሪያም የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት ያቋቋመች እናት ናት። ታሪኳ ሲነበብ የሚገርመኝ ከንጉሥ ጋር የተከራከረችበት ብቻ አይደለም። ሰው ሰብስባ፣ ራብና በሽታ ገብቶባቸው፣ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማሰብ የነበረባት መሆኑ ነው። የገዳሙ አለቃ እመ ምኔቷም የሚወዱት ይህንኑ ክፍል ነው። ንጉሥን መገሠጽ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አርባ ሴት ዓመቱን ሙሉ ማብላት ነው ጭንቁ ይላሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ድምፅ ይቀንሳል። ለ55 ቀን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣል፤ ጾመ ድጓው፣ የጾሙ ዜማ፣ መቋሚያ እያወዛወዙ በሚዘመው ዝማሜ ብቻ ይባላል። ምንጩ ይቀጥናል፤ ውኃ ለመቅዳት ወረፋ ይያዛል። ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ አለ፤ ስልጆና ጧፍ። ስልጆው ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ በእንስራ ተከድኖ ቀናት ይቆያል። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ በእንጀራ ሲቀመስ ግን ሆድ ያሞቃል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም ለማይቀምስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጧፉ የጥጥ ፈትል ይዘረጋል፣ ሰም ይቀልጣል፣ ክሩ ሰሙ ውስጥ እየተነከረ በመዳፍ መካከል ይድበለበላል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ሲግል እጅ ያቃጥላል። የእማሆይ መዳፍ ከዚህ ሥራ ብዛት የለሰለሰ ሆኗል፤ እጃቸውን ስስም የሰሙ ሽታ ይሰማኛል።

ሕማማት ሲደርስ እንደገና ሰው ይሞላል። በሆሳዕና ዕለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሰሞን ለሚሞት ሰው ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይጸለያል። እናቶቹ አንድ ጊዜ ተፈትቶላቸዋልና ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አይታይም። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም የለም። አሮጊቶቹ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉት ያን ጊዜ ነው። ግንቦት 1 ልደታ ከበሩ ውጭ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጎረቤት ሁሉ ይበላል።

ይህን የምጽፈው በግንቦት ነው፤ በገዳሙ ዘንድ ይህ የሐምሌ ዋዜማ ነው። ከበሩ ባሻገር ድሮ የገብስ ማሳ የነበረው መሬት በአጥር ተከፋፍሏል፤ ምንጩ ከሚነሣበት በላይ ቁፋሮ አለ፤ በየዓመቱ የሚቀዳው ውኃ እያነሰ መሄዱን እናቶች በእንስራቸው ያውቁታል። ይህ ያስጨንቀኛል፣ አልደብቅም። ከተማዋ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የመናፈሻ አየርና እይታ ብቻ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች የሚጠጡትም እንዳለ የሚያስብ ቢኖር እመኛለሁ። እነሱ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከጸለዩ በኋላ ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ። ሰኔ ሳይገባ ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ከጣሪያ ሥር መደርደር አለበት።

በጥር የገባች አንዲት ወጣት በአመክሮ ላይ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ይዛ ነበር። ዘንድሮ ቆብ ትቀበል እንደሆነ እመ ምኔቷን ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍልሰታን ያየች ሁሉ መመንኮስ ትወዳለች» አሉ። «ሐምሌን ትይ፤ ሁለት ሐምሌ፣ ሦስት ሐምሌ። ከዚያ በኋላም መቆየት ከፈለገች ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ልጅቷ ይህን ታውቃለች፤ አልከፋትም። ከእንጨት ክምሩ ላይ ሳትወርድ፣ ስመለስ ምን ላምጣላት ብዬ ስጠይቃት፣ ለጭቃው የላስቲክ ቦት ጫማ አለችኝ፤ ቁጥር 37፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር የሚሆን ከሆነ 38።